«መተማ»ን ለመጻፍ ስንት ዓመት ፈጀ?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «መተማ» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ፊደል፣ ሁለት ሰከንድ። አጼ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ያጡበት ጦርነት የተካሄደባት፣ ዛሬም «መተማ ዮሐንስ» የምትባለው የድንበር ከተማ ስም ነው። ለዚህ ሁለት ሰከንድ ግን ሰዎች ዓመታት ከፍለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን ከ200 በላይ፣ የኪቦርዱ ቁልፍ ግን ጥቂት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠራ ሁሉ ፊደሎቹን በመሰለው ቁጥር ይደረድራቸው ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል መላላኪያ ዘዴ አበጁ፤ «ሴራ» ይባላል (ስሙ አያስደንግጣችሁ፣ ምሕጻረ ቃል ነው!)። በትንሹ «ቲ» ተ፣ በትልቁ «ቲ» ጠ ይጻፋል። ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ አልነበረም።

በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ሰጠ፤ «መ» 1218፣ «ተ» 1270 ሆኑ። አለቀ? አላለቀም። ዊንዶውስ የአማርኛ ፊደል አብሮት የመጣው በ2007 ገበያ ላይ በዋለው ቪስታ ነው። በመሃል ስምንት ዓመት! ያን ጊዜ አማርኛ ድረ ገጽ ስንከፍት ባዶ ሳጥን እንዳናይ ያደረጉን፣ እንደ ሰናምርምር ያሉ ስብስቦች በነፃ ያደሉን ፎንቶች ናቸው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም የአማርኛ ውክፔዲያን የሚጽፉትና የሚያርሙት ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ስለ ቋራ ወይም ስለ ገንዳ ውሃ ፈልገን ሁለት መስመር ብቻ ስናገኝ ስድቡ ይቀድመናል፤ «ይሄም ሥራ ነው?» እንላለን። ደመወዝተኛ ቢሰደብ ወር ሲደርስ ይከፈለዋል። በጎ ፈቃደኛ ግን ቀስ ብሎ ኮምፒውተሩን ይዘጋል፤ የሚተካውም አይመጣም።

ትዕግስት ማለት ዝም ማለት አይደለም። «አይሠራም» ከማለት የትኛው ፊደል፣ በየትኛው ስልክ፣ ምን ሲነካ እንደተበላሸ መንገር የሠሪውን ድካም ያቀላል። መተማን የምታውቁ ደግሞ ሦስተኛውን መስመር ጨምሩበት። እነዚያ ሰዎች ፊደሉን ሰጥተውናል፤ መጻፉ የኛ ነው።