ታዕካ ማርያም

ታዕካ ማርያም በአክሱም ከተማ ምዕራባዊ ክፍል የነበረ ጥንታዊ የሕንፃ ስብስብ ነው። ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ሳይሠራ እንዳልቀረ ይገመታል፤ የተረጋገጠ ዘመን ግን የለውም። በአክሱም ከተመዘገቡት ጥንታዊ መኖሪያዎች በስፋቱ የሚስተካከለው አልተገኘም። አብዛኛው ክፍሉ የጠፋው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በላዩ መንገድ ሲቀደድበት ነው።

የ1906 ምዝገባ

ስለ ታዕካ ማርያም የሚታወቀው ሁሉ ማለት ይቻላል ከአንድ ምንጭ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራ የጀርመን ቡድን ከዐፄ ምኒልክ ፈቃድ አግኝቶ አክሱምን አጠና። ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው አርክቴክት ዳንኤል ክሬንከር የሦስት ታላላቅ ሕንፃዎችን መሠረት ለካ፤ እነርሱም እንዳ ስምዖን፣ እንዳ ሚካኤልና ታዕካ ማርያም ናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ ታተመ።

በዚህ ፕላን መሠረት ስብስቡ 120 ሜትር በ80 ሜትር ያህል ቦታ ይሸፍን ነበር። መካከል ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 24 ሜትር ገደማ የሆነ ዋና ሕንፃ በደረጃ ደረጃ በተሠራ ከፍ ያለ መሠረት ላይ ቆሟል። ዙሪያውን አደባባዮች ይከቡታል፤ አደባባዮቹን ደግሞ ብዙ ክፍሎች ያሏቸው ረጃጅም ቤቶች አጥረዋቸዋል። ግድግዳው እንደ ሌሎቹ የአክሱም ሕንፃዎች ወጣ ገባ እያለ የሚሄድ፣ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ሥራ ነው። በእንጨት ማሰሪያና «የዝንጀሮ ራስ» በሚባሉት የግንድ ጫፎች የሚጠናከረው ይህ አሠራር ዛሬም በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ላይ ይታያል።

ይሁንና የ1906ቱ ሥራ የግድግዳዎችን መስመር ተከትሎ አፈር ከማንሳት ያለፈ አልነበረም። አፈሩ በንብርብር እየተለየ፣ ሸክላውና ሳንቲሙ ከየት ጥልቀት እንደወጣ እየተመዘገበ አልተቆፈረም። ስለዚህ ፕላኑ ሕንፃው ምን ይመስል እንደነበር ቢናገርም መቼ እንደተሠራ፣ እነማን እንደኖሩበትና ለምን እንደተተወ አይናገርም።

የአራቱ ማማዎች ክርክር

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱምን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ፣ አራት ማማ ያለው የኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ማየቱንና በዚያም ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ የሚመስሉ አራት የነሐስ ምስሎች መቆማቸውን ጽፏል። ይህ ቤተ መንግሥት የትኛው ፍርስራሽ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በስፋቱ የተነሳ ታዕካ ማርያም በእጩነት ሲጠቀስ ኖሯል። ክሬንከር ግን በአራት ማዕዘኑ ከፍ ያሉ ማማዎች አድርጎ በሥዕል የመለሰው እንዳ ሚካኤልን ነው።

ሥዕሉ በአብዛኛው ግምት ነው። መሠረት የቤቱን ወርድና ርዝመት ቢያሳይም ስንት ፎቅ እንደነበረው አያሳይም። በሌላ በኩል ታላላቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ራሳቸው በርና መስኮት ያላቸው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች መስለው የተጠረቡ ስለሆኑ ሐሳቡን ከነጭራሹ መጣል አይቻልም። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን በበኩሉ የንጉሥ ቤት ስለመሆናቸው ማስረጃ ስለሌለ እነዚህን ሕንፃዎች «የመኳንንት መኖሪያ» በሚለው ሰፊ ስም መጥራትን መርጧል። ክርክሩን ይፈታው የነበረው የግንቡ ፍርስራሽ መጠን፣ የወደቀው ድንጋይ አወዳደቅና የወለሉ ንብርብር ነበር። ታዕካ ማርያም ላይ እነዚህን የያዘው አፈር ከነግንቡ በመንገድ ሥራ ተወስዷል።

የመንገዱ ሥራ

ጥፋቱ ቦታው ስላልታወቀ የደረሰ አልነበረም። የጀርመኖቹ ፕላን ከታተመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ኢጣሊያዊው ተመራማሪ ኡጎ ሞንሬ ዴ ቪላርድም በዚያው የወረራ ዘመን በአክሱም ጥናት አካሂዶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1938 አሳትሟል። ያው የኢጣሊያ አስተዳደር በ1929 ዓ.ም. 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሐውልት ወደ ሮም ወስዷል። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ሲቆም፣ የተቆረጠው ሕንፃ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም። ስለ ሐውልቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ታዕካ ማርያም የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። በዚህ መጣጥፍ አዘጋጅ እምነት ግን ለታሪክ ጥናት የሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው አያንስም።

የንጽጽር ቦታ፦ ዱንጉር

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘውና በሕዝብ ዘንድ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚባለው ዱንጉር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፍራንሲስ አንፍሬይ ተቆፍሯል። የሸፈነው ቦታ 3,000 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም የታዕካ ማርያም አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ዘመኑ ከንግሥቲቱ ትውፊት እጅግ የራቀ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ መሆኑ የታወቀው በቁፋሮ ነው፤ ታዕካ ማርያም እንዲህ ያለ ቁፋሮ አላገኘም።

የኋለኞቹ ግንባታዎች

የዛሬይቱ አክሱም የቆመችው በጥንቷ ላይ ስለሆነ የቤት መሠረት፣ የፍሳሽ ቦይና የመንገድ ቁፋሮ ሁሉ ጥንታዊ ግንብ ሊነካ ይችላል። ከሮም የተመለሰው ሐውልት ከመተከሉ በፊት በመሣሪያ በተደረገ ጥናት ከቦታው ሥርና ከመኪና ማቆሚያው በታች የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታውቋል። አስቀድሞም ያዘነበለው ሦስተኛው ሐውልት በሥራው ወቅት ድጋፍ ተደርጎለታል። ከዚያ ወዲህ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በጽዮን ማርያም አጠገብ የተጀመረው ሙዚየም ግዝፈት እንዳሳሰበው ገልጿል፤ በጡብ ቅስቶች መቃብር ውስጥ ውኃ መጨመሩንም አንስቷል።

ሕግ

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አክሱም እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ኮሚቴው የቅርሱ ወሰን በካርታ በግልጽ እንዲለይ ጠይቋል። ወሰኑ ሲለይ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሊተርፍ የሚችለው የታዕካ ማርያም መሠረት በውስጡ መግባት ይኖርበታል።