መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ፦ የመጸዳጃ ቤትና የእንግዳ መገልገያ

በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ወረዳዎች መንገደኛና ጎብኚ የሚገለገልባቸው መጸዳጃ ቤቶች፣ የውኃ ማግኛዎችና ማደሪያዎች በአብዛኛው የግለሰብ ወይም የማኅበረሰብ ንብረት ናቸው። ማዘጋጃ ቤት ሠርቶ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚከፍተው የሕዝብ መጸዳጃ ጥቂት ነው። እንግዳ የሚፈልገውን የሚያገኘው በሆቴል፣ በሻይ ቤት፣ በመናኸሪያ፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያና በጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር መጸዳጃ ቤት ለማግኘት ምልክት ከመፈለግ ይልቅ ሰው መጠየቅ ይቀናል።

መንዝ ዛሬ በአራት ወረዳዎች ተከፍሏል። እነሱም መንዝ ጌራ ምድር፣ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ናቸው። ለጎብኚ በይበልጥ የሚታወቁት የጌራ ምድር ዋና ከተማ መሐል ሜዳና የማማ ምድር ዋና ከተማ ሞላሌ ናቸው። የግሼ ዋና ከተማ ራቤል፣ የመርሐቤቴ ደግሞ ዓለም ከተማ ነው። ሦስቱ አካባቢዎች በካርታ ላይ ጎረቤት ቢመስሉም በጥልቅ ሸለቆዎች የተለያዩ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ቀላል አይደለም። ወደ መንዝ የሚሄድ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ይገነጠላል፤ ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ ግን በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል ወርዶ የጀማን ወንዝ ይሻገራል።

በመንገድ ላይ

በመንዝ መስመር ምርጫ ያለበት የመጨረሻው ከተማ ደብረ ብርሃን ነው። ሆቴሎቹ ብዙ ናቸው፤ ቁርስ የበላ ወይም ቡና የጠጣ ደንበኛም መጸዳጃ ቤታቸውን ያለ ጥያቄ ይጠቀማል። ከጣርማ በር በኋላ አገሩ ገላጣ ይሆናል። ደጋው ዛፍ ስለማይበዛበት ሰው የሚከለልበት ነገር ያጣል። አውቶቡስ ውስጥ አንዱ «አንዴ አቁምልን» ሲል ረዳቱ ያስቆማል፤ ወንዶች በመንገዱ ዳር ዞር ብለው ይመለሳሉ። ሴቶች ግን የድንጋይ ካብ ወይም ቁልቁለት እስኪያገኙ ሜዳውን ሲያቋርጡ ይታያሉ፤ ብዙዎቹም ጭራሽ ሳይወርዱ ይቀራሉ። ጠዋት ውኃ ሳይጠጡ መሳፈር በሴት መንገደኞች ዘንድ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ደረቅ በመሆኑ ሰውነት ውኃ ቶሎ ስለሚያጣ፣ ይህ ጥንቃቄ ራስ ምታትና ድካም ያስከትላል። የመጸዳጃ ቤት እጦት ጤና የሚጎዳው በአንጀት ተስቦና በተቅማጥ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

በየትናንሹ ከተማ ያሉት ሻይ ቤቶችና ምግብ ቤቶች መጸዳጃቸው ብዙውን ጊዜ በጓሮ በኩል ነው። አጠያየቁም ቀላል ነው፤ «እትዬ፣ መጸዳጃ ቤት ይኖራል?» ለሚል ሰው እምቢ የምትል ባለቤት እምብዛም አትገኝም። በሩ ከቆርቆሮ ይሠራል፤ ተቆልፎም ቁልፉ እንዳይጠፋ እንጨት ላይ ታስሮ ሒሳብ ተቀባዩ ዘንድ ይቀመጣል። ውስጡ በሲሚንቶ የተለበጠ ወለል ነው፤ መካከሉ ላይ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ የእግር መርገጫ አለ። ውኃ በቢጫ ጀሪካን ወይም በበርሜል ይቀመጥና በጆግ እየተቀዳ ይፈሳል። ሶፍት በአብዛኛው ስለማይገኝ መንገደኛ ይዞ መሄድ አለበት፤ እጅ መታጠቢያ ያለውም ውጭ፣ ከምግብ አዳራሹ በር አጠገብ ነው። ሻይ እንኳ አዝዞ ሒሳብ መክፈል ወግ ነው፤ ለመጸዳጃው የሚቀዳው ውኃ በሰው ጀርባ ወይም በአህያ ተጭኖ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ጓሳ

የአካባቢው ዋና የጎብኚዎች መዳረሻ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኘው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚልቅ ከፍታ የተዘረጋ የጓሳ ሣር ሜዳ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይሰማራበታል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቁጥር የቀረው ቀይ ቀበሮም ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። የጭላዳ ተመራማሪዎች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በስፍራው ድንኳን ተክለው ይሠራሉ።

ጓሳን ከብሔራዊ ፓርኮች የሚለየው አስተዳደሩ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በተመረጡ አለቆች ፈቃድ ይከፈትና ባለመብቶቹ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ይጠቀሙበት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። የማኅበረሰብ ሎጁ የተሠራውም በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ድጋፍ አድርጎለታል። ሎጁ ቀላል ማደሪያ ነው። ድንኳን ይዞ ለሚመጣ የድንኳን መትከያ ቦታ አለ፤ ጎብኚ ግን ምግቡን ይዞ ሄዶ እዚያው ያበስላል። የመግቢያ ክፍያና የአስጎብኚ ክፍያ ለማኅበረሰቡ ገቢ ይሆናል።

እዚህ መጸዳጃ ቤት መሥራት ከቆላና ከወይና ደጋ ይልቅ ይከብዳል። አፈሩ ከጥቁር ድንጋይ ላይ ያረፈ ስስ ሽፋን የሆነበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ጉድጓድ ጥቂት ሳይወርድ አለት ይመታል። አለት በሌለበት ደግሞ ረግረግ ያጋጥማል፤ እዚያ የተቆፈረ ጉድጓድ ከሥር ውኃ ያመነጫል፤ ቆሻሻውም ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። ብርዱም የራሱ ችግር አለው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ በዚህ ቅዝቃዜ ዓይነ ምድር በዝግታ ስለሚበሰብስ ጉድጓዱ ከሚገመተው ቀድሞ ይሞላል። በቧንቧ የሚሠራ መጸዳጃ ከሆነ ሌሊት ቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ቦታ የሚሻለው ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለይ፣ አመድ የሚጨመርበት ደረቅ መጸዳጃ ነው። አመድ በመንዝ ቤቶች አይጠፋም፤ ሽታና ዝንብም ይቀንሳል።

ጓሳ የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች የሚለያዩበት ጀርባ ላይ ስለሆነ ጥንቃቄው ለጎብኚ ምቾት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ከዚያ የሚነሱት ጅረቶች ወደ ምዕራብ ወደ አባይ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ ከታች ያሉት ሰዎች ጀሪካናቸውን የሚሞሉት ከእነሱ ነው። ድንኳን ተክሎ የሚያድር ጎብኚ ከምንጭና ከጅረት ርቆ፣ ቢያንስ በስልሳ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ መልሶ አፈር ማልበስ አለበት። ሶፍቱን፣ የሕፃናት ዳይፐሩንና የንጽሕና መጠበቂያውን ግን በፌስታል አስሮ ይዞ መመለስ ይገባዋል። በዚያ ብርድ የተቀበረ ወረቀት ቶሎ አይጠፋም፤ ላስቲክማ ዘመን ይሻገራል።

ጠበልና ክብረ በዓል

ከአገር ጎብኚ ይልቅ ብዛት ያለው እንግዳ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ የሚመጣው ለጠበልና ለንግሥ ነው። በሞጃና ወደራ ወረዳ ከሰላ ድንጋይ አጠገብ የምትገኘው ጻድቃኔ ማርያም ለዚህ ትጠቀሳለች። ምእመናን ከአዲስ አበባና ከሌላውም አገር መጥተው ሱባኤ ይይዛሉ፤ ለቀናት ያድራሉ። እንዲህ ያለ ስፍራ ከሎጅ የተለየ አገልግሎት ይፈልጋል። ሕመምተኞች፣ አረጋውያንና አስታማሚዎች በአንድነት ስለሚያድሩ ሌሊት የሚበራ መብራት፣ ለአቅመ ደካማ መደገፊያ ያለው መቀመጫ፣ ከጠበሉ መውረጃ በታች የሆነ ጉድጓድ ያስፈልጋል። የወንድና የሴት መለያየት ብቻ አይበቃም። የሴቶቹ ክፍሎች ከወንዶቹ መብለጥ አለባቸው፤ ሴቶች ነጠላና ቀሚስ ሰብስበው፣ ብዙዎቹም ልጅ ይዘው ስለሚገቡ ጊዜ ይወስድባቸዋል።

አዋጁና ልማዱ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ማንኛውም ድርጅት ንጹሕና በቂ መጸዳጃ አዘጋጅቶ ለደንበኞቹ ክፍት እንዲያደርግ፣ የከተማ አስተዳደሮችም የሕዝብ መጸዳጃ እንዲያቀርቡና ንጽሕናውን እንዲያስጠብቁ ደንግጎ ነበር። በገጠሩ በኩል ትልቁን ለውጥ ያመጣው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየቀበሌው የተመደቡት ሴት የጤና ባለሙያዎች ከሚያስተምሯቸው 16 ፓኬጆች አንዱ የመጸዳጃ ቤት አሠራርና አያያዝ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት እ.ኤ.አ. በ1990 ከኢትዮጵያ ሕዝብ 92 በመቶው ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥሩ ወደ 29 በመቶ ወርዷል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከገጠር ቤተሰቦች 39 በመቶ ያህሉ ምንም መጸዳጃ እንደሌላቸው አሳይቷል።

በአማራ ክልል ጉዳዩ ከዓይን ማዝ ጋርም ይያያዛል። በሽታውን ከሰው ሰው የምታደርሰው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ ግን አይመቻትም። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከካርተር ማእከል ጋር በተካሄደ ዘመቻ በአንድ ዓመት ከ20 ሺህ በላይ መጸዳጃ ተቆፍሯል፤ ታቅዶ የነበረው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። ገፋፊዎቹ ሴቶች ነበሩ። ቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነባቸው ጨለማ እስኪመጣ ይጠብቁ ነበርና ባሎቻቸውን አስቆፈሩ።

ግንባታው ከተስፋፋ በኋላ ያልተፈታው የአያያዝ ጥያቄ ነው። ጠባቂና ውኃ ያልተመደበለት የሕዝብ መጸዳጃ ብዙ ሳይቆይ ወይ ይቆለፋል ወይ የማይገባበት ይሆናል። በአዲስ አበባ የተደራጁ ወጣቶች የሕዝብ መጸዳጃና ሻወር በአነስተኛ ክፍያ ማስተዳደራቸው ችግሩን በከፊል አቃልሏል፤ ነገር ግን እንደ መሐል ሜዳ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ባሉ ከተሞች ከገበያ ቀን በቀር ተጠቃሚው ስለሚያንስ ገቢው ሠራተኛ አይቀጥርም። ለእነዚህ ከተሞች የሚስማማው እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመኗ አለን ከተማ የተጀመረው ዘዴ ነው። እዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ለምግብ ቤቶች ወርኃዊ ድጎማ ይከፍላል፤ ምግብ ቤቶቹም በራቸው ላይ ምልክት ለጥፈው ያልተመገበውንም ሰው ወደ መጸዳጃቸው ያስገባሉ። የመንዝ ባለ ሻይ ቤት ይህን ያለ ድጎማ ስታደርገው ኖራለች። የወረዳው አስተዳደር ውኃና ሳሙና ቢችላት፣ የጉድጓዱንም ማስመጠጫ ቢሸፍንላት፣ ከአዲስ ሕንፃ ባነሰ ወጪ የተሻለ አገልግሎት ይገኝ ነበር። ለጓሳ ሣር ሲባል ለዘመናት ሕግ አውጥቶ ያስከበረ ሕዝብ ይህን አሠራር የሚያስተዳድር ኮሚቴ ለማቋቋም አይቸገርም።

ለጎብኚ

ለጉብኝት የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው መንገድ ይዘጋል። ሶፍት፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ ዝርዝር ብርና ለሌሊቱ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ልብስ ያነሰው የመንዝ ሴቶች ፈትለው፣ ሸማኔዎቹ ከበግ ጸጉር የሚሠሩትን ባና ከገበያ ሊገዛ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የሰሜን ሸዋን መንገዶች አልፎ አልፎ ስለሚዘጋ፣ ከመነሳት በፊት በደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከሾፌሮች ወቅታዊውን ሁኔታ መጠየቅ ያስፈልጋል።