በጦር የታጣውን በብዕር፦ የልዑል ጎርቻኮቭ ሕይወትና ሥራ

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ኃያላን መንግሥታት በጦር ሜዳ የጀመሩትን ክርክር በጉባኤ አዳራሽ ይፈጽሙት ነበር። በእነዚህ ጉባኤዎች ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣው ሰዎች አንዱ ሩሲያዊው ልዑል አሌክሳንደር ሚኻይሎቪች ጎርቻኮቭ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ልዩ የሚሆነው፣ አገሩ ተሸንፋ ያጣችውን መብት ያለ ጦርነት ማስመለሱና፣ በስተርጅናው ደግሞ አገሩ በጦርነት ያገኘችው ድል በጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ሲሸራረፍ ማየቱ ነው።

ጎርቻኮቭ ከጥንታዊ የመሳፍንት ቤተሰብ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1798፣ በኤስቶኒያ የባሕር ዳር ከተማ በሐፕሳሉ ተወለደ። በ1811 በተከፈተው የጻርስኮዬ ሴሎ ሊሴ ከመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ተማሪዎች አንዱ ሲሆን፣ ቅድመ አያቱ አፍሪካዊ የነበረው ገጣሚ አሌክሳንደር ፑሽኪን የክፍል ጓደኛው ነበር። በ1817 ከፍተኛ ውጤት አግኝቶ ተመረቀና ወደ ውጭ ጉዳይ ሥራ ገባ። ፑሽኪን በሚኻይሎቭስኮዬ በግዞት ሳለ፣ በ1825 ጎርቻኮቭ በአካባቢው ሲያልፍ ሁለቱ ተገናኝተዋል። በመንግሥት ዘንድ የተጠላ ሰው ማነጋገር ለወጣት ባለሥልጣን የሚበጅ አልነበረም።

ሹመቱ ግን የዘገየ ነበር። በለንደን፣ በሮም፣ በፍሎረንስና በቪየና ቢያገለግልም፣ ውጭ ጉዳዩን አርባ ዓመት ያህል የመራውን የካርል ኔሴልሮድን ሞገስ ስላላገኘ ከፍ ያለ ቦታ ሳይሰጠው ኖረ። በ1838 ለትዳሩ ሲል ሥራውን ለቀቀ፤ ከ1841 ጀምሮም በትንሿ የቩርተምበርግ መንግሥት መቀመጫ በስቱትጋርት ዓመታት አሳለፈ።

ዕድሉን የለወጠው የአገሩ ሽንፈት ነው። ከ1853 እስከ 1856 በተደረገው የክሪሚያ ጦርነት ሩሲያ ተሸነፈች፤ የፓሪሱ ውልም በጥቁር ባሕር የጦር መርከብ እንዳታሰማራ፣ በጠረፉም የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት እንዳታቆም ከለከላት። ዳግማዊ አሌክሳንደር በዚያው ዓመት ጎርቻኮቭን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። አዲሱ ሚኒስትር ለኤምባሲዎች በላከው ደብዳቤ፣ ሩሲያ ዝም ያለችው አኩርፋ ሳይሆን ኃይሏን ለማሰባሰብ መሆኑን አስታወቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ሆነ። በ1863 ፖላንዶች ባመፁ ጊዜ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኦስትሪያ ያቀረቡትን ማሳሰቢያ አልተቀበለም፤ ፕሩሲያ ከሩሲያ ጎን ቆመች። በዲፕሎማሲው መስክ ይህ እንደ ድል ተቆጠረለት፤ ዓመፁ በኃይል በተደመሰሰባቸው ፖላንዶች ዘንድ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። በ1867 የመንግሥቱ ቻንስለር ተባለ። በ1870 ፈረንሳይ በፕሩሲያ ጦር ተመትታ እንግሊዝ ብቻዋን በቀረች ጊዜ፣ ጎርቻኮቭ በጥቅምት ወር ሩሲያ በጥቁር ባሕሩ እገዳ ከእንግዲህ እንደማትገዛ ለመንግሥታቱ ጻፈ። እነርሱም ተቃውመው ሲያበቁ በመጋቢት 1871 በለንደን ተሰብስበው እገዳውን አነሡ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም።

ሲያልቅ አያምር እንዲሉ፣ የ1877–78 የሩሲያና የቱርክ ጦርነት ይህን ክብር ሸፈነው። ድል ያደረገችው ሩሲያ በሳን ስቴፋኖ ውል ሰፊ ቡልጋሪያ እንዲመሠረት ብታስፈርምም፣ እንግሊዝና ኦስትሪያ–ሐንጋሪ በአንድነት ተነሡ። የሩሲያ ጦርና ግምጃ ቤት ደክመው ነበር፤ የበርሊኑን ጉባኤ የመራው ቢስማርክም ጎርቻኮቭ የጠበቀውን ውለታ አልመለሰም። ሰማንያ ዓመት የሆነው ቻንስለር ታሞ ከአንዳንድ ስብሰባዎች ሲቀር፣ የድርድሩ ሸክም በፒዮትር ሹቫሎቭ ላይ ወደቀ። ቡልጋሪያ ተከፋፈለች፤ ቦስኒያና ሔርዞጎቪና በኦስትሪያ–ሐንጋሪ እጅ እንዲያዙ ተወሰነ። ጎርቻኮቭ ራሱ በርሊንን የአገልግሎቱ ጥቁር ገጽ አድርጎ ቆጥሮታል።

በ1870ና በ1878 የቆመው ያው ሰው፣ የያዘውም ያው ብዕር ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ተቃዋሚዎቹ ተከፋፍለው ነበር፤ በሁለተኛው ግን ተባብረው ጠበቁት። የለንደኑን ድል ያስገኘለት የአሥራ አራት ዓመት ትዕግሥት በበርሊን ጊዜ አላገኘም።

ጎርቻኮቭ በ1882 ሥልጣኑን ለኒኮላይ ጊርስ አስረክቦ በ1883 በባደን–ባደን አረፈ። ፑሽኪን ገና በ1825 በጻፈው ግጥም፣ የሊሴውን በዓል ብቻውን የሚያከብረው የመጨረሻው ባልንጀራ ማን ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበር። ገጣሚው በ1837 በሽጉጥ ፍልሚያ ከሞተ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ መልሱ ታወቀ፤ ከእነዚያ ተማሪዎች መጨረሻ የሞተው ልዑል ጎርቻኮቭ ነበር።