ሹሩባው የማን ነው?

ወንድ ልጅ ሹሩባ ተሠርቶ ከቤት ሲወጣ ሁለት ነገር ይባላል። አንዱ «ሴት መሰለ» ነው፤ ሌላው «የፈረንጅ ፋሽን ቀዳ» ነው። እኔን የሚገርመኝ ይህን ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ሳሎናቸው ውስጥ መስቀላቸው ነው። እስቲ ቀና ብለው ይዩት። መይሳው ካሳ የተሠራው ሹሩባ አይደለም እንዴ?

በዚያ ዘመን ሹሩባ የጦረኛና የመኳንንት ጌጥ ነበር። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ከአስከሬናቸው ጸጉር ተቆርጦ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ያ ዘለላ ለንደን ከሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከ150 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ድሮ ጸጉር እንደ ጽሑፍ ይነበብ ነበር። ቁንጮ ያለው ሕፃን ነው፤ ሳዱላ ያላገባች ልጃገረድ ናት። አሠራሩ ቢጠፋም ቃሉ ቀርቷል። ዛሬ «የሥርዓቱ ቁንጮ» የምንለው ሹም ስሙን የወረሰው ከሕፃን አናት ላይ መሆኑን ማን ያስታውሳል? በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አርበኛው በጎፈሬው ይታወቅ ነበር። ኋላ ያው ጎፈሬ «አፍሮ» ተብሎ ከአሜሪካ ሲመጣ የከተማው ወጣት እንደ አዲስ ነገር ተቀበለው። የራሳችንን ነገር ዞሮ ካልመጣ አናውቀውም ልበል?

ሹሩባ ለመሥራት ደግሞ የግድ የውበት ሳሎን አያስፈልግም። ጸጉሩ ይታጠባል፣ ለጋ ቅቤ በትንሹ ይቀባል፣ ከጫፉ ጀምሮ በሚዶ ይፈታል። ተሠሪው በርጩማ ላይ ዝቅ ይላል፤ ሠሪዋ ከኋላው ከፍ ብላ ትቀመጣለች። በሚዶው ጫፍ ከግንባር እስከ ማጅራት መስመር ይወጣል። ከግንባር ላይ ሦስት ቀጫጭን ዘለላ ተይዞ ይጀመርና በየእጥፋቱ ከሥሩ ትንሽ ትንሽ ጸጉር እየተጨመረ ወደ ኋላ ይጎነጎናል። ጉንጉኑም እየወፈረ ይሄዳል። የአፄ ቴዎድሮስ ዓይነት ለሚፈልግ መስመሩ ጥቂት፣ ጉንጉኑ ወፍራም ነው። ዋናው ነገር የእጅ ልክ ነው። አጥብቀው የጎተቱት ግንባር ያሳምማል፣ ጸጉርም ይነቅላል፤ የላላው ሳምንት ሳይሞላ ይፈታል። ይህ ልክ የሚተላለፈው ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ ነው፤ አንድ ትውልድ ካቋረጠው የሚያስተምረው አይገኝም።

የተወሰደ ዘለላ ጠይቀን አስመልሰናል። እጃችን የረሳውን ሙያ ግን ከየትኛው ሙዚየም እንጠይቃለን? እናም ልጅዎ «እማዬ፣ ሹሩባ ሥሪኝ» ካለ ቁጣውን ይተዉትና በርጩማውን ያቅርቡለት።