የግብጦ ምሬት

መርካቶ ዛሬ በሚገኝበት ሥፍራ ዋና ገበያ ሊሆን የቻለው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ ነው (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የእህል በረንዳ ነጋዴ ሽምብራውን፣ ባቄላውንና ምስሩን በእፍኙ እየዘገነ ዋጋ ሲቆርጥለት ኖሯል። መመዘኛው የፍሬው ሙላት፣ ጥራትና ድርቀት ነበር። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን በሰው ደም ላይ ምን እንደሚሠራ ነጋዴው አልጠየቀም፤ ሊጠይቅም አይጠበቅበትም።

ጥያቄው የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። ባንቲንግና ቤስት በ1921 በቶሮንቶ ከቆሽት ያወጡት ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ከምግብ ፕሮቲን ተቆርጠው የሚወጡ አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች፣ ማለትም ፔፕታይዶች፣ ለስኳር ሕመምተኛ ይረዱ እንደሆነ መመርመር ጀመረ። በዚህ ምርመራ ጎልቶ ከወጣው ዘር አንዱ፣ በመርካቶ የሽምብራን ያህል ክብር ያላገኘው የጎጃሙ ግብጦ ነው።

ግብጦ በደከመ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን የሆነ፣ ስታርች እጅግ ያነሰው ጥራጥሬ ነው። ነገር ግን መራራ ነው፤ ምሬቱም መርዝ ነው። አልካሎይድ የተባሉት ንጥረ ነገሮች አፍ ያደርቃሉ፣ ዓይን ያደበዝዛሉ፣ ራስ ያዞራሉ። ስለዚህ የጎጃም እናቶች ግብጦውን ይቆሉታል፤ ቀጥሎም ምሬቱ እስኪለቀው ድረስ ለቀናት በወራጅ ውኃ ይዘፈዝፉታል። ከዚያ ወዲያ እንደ ቆሎ ይቆረጠማል፣ ሽሮም ይሆናል። ይህ አሠራር መሐንዲስ ያልነደፈው፣ ነገር ግን መሐንዲስ ሊያከብረው የሚገባ የማጣሪያ ሥርዓት ነው።

የሚገርመው፣ ለመርካቶ ስሙን ያወረሰችው ጣልያን ለግብጦም ተመራማሪ ማፍራቷ ነው። በ2004 የሚላኖ ሳይንቲስቶች ኮንግሉቲን ጋማ የተባለው የግብጦ ፕሮቲን ከኢንሱሊን ጋር እንደሚጣበቅና የአይጦችን የደም ስኳር እንደሚቀንስ አሳተሙ። በ2011 በጤናማ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ውጤት ተገለጸ። በ2016 ደግሞ ከአኩሪ አተርና ከግብጦ የተገኙ ፔፕታይዶች አንድን ኤንዛይም በቤተ ሙከራ እንደሚገቱ ታየ፤ ይህ ኤንዛይም ቆሽትን ለኢንሱሊን የሚቀሰቅሱትን የአንጀት ሆርሞኖች የሚያፈርስ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ግብጦ መድኃኒት ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ አደገኛም ነው። አካሉ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሕመምተኛ መርፌውን ትቶ በጥራጥሬ ቢተማመን ሕይወቱን ያጣል። መራራውን የዘፈዘፉበትን ውኃ እንደ መድኃኒት የሚጠጣም የሚጨምረው ፕሮቲኑን ሳይሆን መርዙን ነው። ሙከራው የተደረገው ተለይቶ በተጣራ ፕሮቲን እንጂ በወንዝ ዳር በታጠበ ግብጦ አይደለም።

ለምግብ ኢንጂነሩ የቀረው ሥራም እዚህ ላይ ነው። እሳቱ የፕሮቲኑን ቅርጽ ይለውጣል፤ ምሬቱን የሚያጥበው ውኃም በውኃ የሚሟሙትን ፕሮቲኖች አብሮ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የመቁላቱ ሙቀት፣ የመዘፍዘፊያው ቀንና የውኃው ፍሰት ተለዋውጠው፣ በየደረጃው የቀረው አልካሎይድና የቀረው ፕሮቲን ጎን ለጎን ሊለኩ ይገባል።