የጨጓራ ቀለበት፦ ከዓመታት በኋላ የሚታዩ ውጤቶችና ጉዳቶች

ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ ከሚከናወኑ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች አንዱ የጨጓራ ቀለበት ነው። የሚጠብቅና የሚላላው ቀለበት ሆድን በሰፊው መክፈት ሳያስፈልግ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎችና በካሜራ እየታገዘ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1993 በቤልጅየም ነው። ሕክምናውን ያከናወኑትም ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር ምትኩ በላቸው ናቸው።

ቀለበቱ እንዴት ይሠራል?

ከሲሊከን የተሠራው ቀለበት በጨጓራ የላይኛው ክፍል ዙሪያ ይታሰራል። ከቀለበቱ በላይ ትንሽ ከረጢት ስለሚፈጠር ታካሚው ጥቂት በልቶ ይጠግባል። ቀለበቱ ከሆድ ቆዳ ሥር ከሚቀበር መሙያ ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ሐኪሙ በመርፌ ንጹሕ የጨው ውኃ ሲጨምርበት ይጠብቃል፤ ሲቀንስለት ይላላል።

ጨጓራው አይቆረጥም፤ የአንጀት መስመርም አይቀየርም። ካስፈለገ ቀለበቱን ማውጣት ይቻላል። በቀዶ ሕክምናው ሰሞን የሚያጋጥመው የሞት አደጋም አነስተኛ ነው።

ከዓመታት በኋላስ?

ብዙዎቹ ችግሮች የሚከሰቱት ውሎ አድሮ ነው። ቀለበቱ ከቦታው ተንሸራትቶ የምግብን መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል። የጨጓራን ግድግዳ ቀስ በቀስ በልቶ ወደ ውስጥ ሊገባም ይችላል። የምግብ ቧንቧ መለጠጥ፣ የበረታ ቃር፣ የቱቦ ማፍሰስና የመሙያው ማመርቀዝም ይታያሉ።

በብራስልስ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 ቀለበት ከተገጠመላቸው 151 ሰዎች መካከል 82ቱ ከ12 ዓመታትና ከዚያ በላይ በኋላ ተመርምረዋል። ከእነዚህ 39 በመቶ ያህሉ ከባድ ችግር ገጥሟቸዋል፤ በ28 በመቶው ቀለበቱ የጨጓራን ግድግዳ በልቷል፤ ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ግማሽ ያህሉ ቀለበቱን አስወጥተዋል።

በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። እስከ 15 ዓመት ክትትል የተደረገላቸው ታካሚዎች ከጤናማው መጠን በላይ ከነበራቸው ክብደት 47 በመቶ ያህሉን ቀንሰው ቆይተዋል፤ ቀለበቱ የወጣላቸውም 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ ከመቶው 43 ያህሉ የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። የብራስልስ ታካሚዎች በቀድሞው የአገጣጠም ዘዴ የታከሙ ሲሆን፣ የአውስትራሊያዎቹ ክትትል ግን የቅርብና የማያቋርጥ ነበር።

አሜሪካ ቀለበቱን እ.ኤ.አ. በ2001 ፈቅዳለች። በ2011 በአገሪቱ ከተከናወኑ የውፍረት ቀዶ ሕክምናዎች 35 በመቶ ያህሉ በቀለበት የተሠሩ ነበሩ፤ በ2018 ግን ድርሻው ወደ 1 በመቶ ወርዷል። በአሁኑ ወቅት የጨጓራን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ የማስወገድ ሕክምና በስፋት ተተክቷል።

ቀለበት ያለው ሰው ምን ይጠንቀቅ?

ድንገተኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስመለስ ወይም ውኃ እንኳ አልወርድ ማለት አፋጣኝ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች ናቸው። ማስመለሱ ከቀናት በላይ ከዘለቀ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ተከትሎ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። መሙያው ባለበት ቦታ የሚታይ መቅላትና እብጠትም በቸልታ መታለፍ የለበትም። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ቀለበቱን ማላላት ሊያስፈልጋት ስለሚችል ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል። ምግብን፣ በተለይም ሥጋን፣ በትንሽ በትንሹ ጎርሶ በደንብ ማላመጥ ያስፈልጋል።

ሕክምናውን በውጭ አገር አድርገው ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ወገኖች የቀለበቱን ዓይነት፣ በውስጡ ያለውን የፈሳሽ መጠንና ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ቀን የያዘ የጽሑፍ ማስረጃ ሊይዙ ይገባል። ሌላ ሐኪም ሊረዳቸው የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነው።

የጨጓራ ቀለበት አንዴ ተገጥሞ የሚረሳ መፍትሔ አይደለም። ስለዚህ ሕክምናውን ያሰበ ሰው የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ቀለበቱን ማን እንደሚከታተልለት፣ ችግር ቢፈጠርም የት እንደሚወጣለት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።