መሬት የሰጠው መዝገብ ልጆቹን ሲጠራ

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርደው የምዕራቡ መንገድ ቤሌን ያገኛታል። ዛሬ በኪንዶ ኮይሻ ወረዳ የምትገኘው ቤሌ በደርግ ዘመን ከጦር ግንባሩ የራቀች የገጠር ከተማ ነበረች። ናቅፋ፣ አፋቤትና ሽሬ የሚባሉት ስሞች በሬዲዮ ይሰማሉ እንጂ በዓይን አይታዩም። ጦርነቱ ወደ ወላይታ የገባው በቀበሌ መዝገብ በኩል ነው።

የመዝገቡ ነገር ከመሬት ይጀምራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን የሚያደርገው አዋጅ ሲወጣ፣ ወላይታ ውስጥ ደስታው ትልቅ ነበር። ከ1887ቱ የአፄ ምኒልክ ዘመቻና ከካዎ ጦና መማረክ ወዲህ በገባርነትና በጭሰኝነት የኖረ ገበሬ፣ የሚያርሰው ማሳ በስሙ የሚጻፍበት ቀን መጣ። አዋጁ ቢያንስ 800 ሄክታር የሚሸፍን የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው ጣሪያ 10 ሄክታር ነበር። ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ በሚኖርበት በወላይታ ግን 10 ሄክታር ሕልም ነው፤ ለብዙው ሰው የደረሰው ለእንሰት፣ ለስኳር ድንችና ለጎደሬ የምትሆን ቁራጭ መሬት ነች። ቢሆንም የራሱ ነች።

ማኅበሩ መሬት ለማደል አባወራውን፣ ልጆቹንና ማሳውን መዘገበ። ቀጥሎ የፍርድ ሸንጎና አብዮት ጥበቃ ተጨመሩለት። በአንድ ሊቀመንበር እጅ መሬት፣ ዳኝነትና ጠመንጃ ተሰበሰቡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ጦርነት ያሰበ ገበሬ የነበረ አይመስልም።

ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ታወጀ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው የታጠቅ ጦር ሰፈር ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሚሊሻ ሠለጠነ። የሶማሊያ ወረራ የውጭ ጥቃት ስለነበር በፈቃዱ የዘመተው ጥቂት አይደለም፤ ይህን መካድ ታሪኩን ማዛባት ይሆናል። ችግሩ የመጣው ኦጋዴን ከተመለሰ በኋላ ነው። ያው ሚሊሻ ወደ ሰሜን ዞረ፤ በሩቅ አገር ከራሱ ወገን ጋር የሚደረገው ጦርነትም ማለቂያ አጣ።

በፈቃድ የሚመጣው ሰው ሲያንስ፣ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 236 ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት ይቆያል። በወረቀት ላይ ሲነበብ እኩልነት ያለው ሕግ ነው፤ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ ተራው ይደርሰዋል። አፈጻጸሙ ግን የኮታ ነበር። ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ገበሬ ማኅበር የሚወርደው ቁጥር ብቻ ነው። ወላይታ ያኔ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር አንድ አውራጃ ነበረች። ይህን ያህል ሰው አምጡ ይባላል፤ ማን ይሂድ የሚለውን የሚመልሰው ሊቀመንበሩ ነው። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚገባው እህልም በኮታ ይጠየቅ ስለነበር፣ አንድ ቃል ለእህልም ለሰውም ያገለግል ነበር።

ጭካኔው ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጁን የሚመርጠው ከአዲስ አበባ የመጣ መኮንን ቢሆን ኖሮ ቂሙ ከመንግሥት ጋር ይሆን ነበር። መራጩ ግን በአንድ እድር የሚቀበር፣ በአንድ ገበያ የሚገበያይ ጎረቤት ነው። ጉቦ መክፈል የቻለ ልጁን ያስቀራል። ከሊቀመንበሩ ጋር በድንበር የተጣላ፣ ዘመድ የሌለው፣ የባልቴት ልጅ፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረ፣ ስሙ ቀድሞ ይጠራል። ሊቀመንበሩም ቢሆን ቁጥሩን ካልሞላ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ አንዳንዱ የጎረቤቱን ልጅ ያስያዘው የገዛ ራሱን ለማትረፍ ነው። ስብሰባ ተጠርቶ በሩ ይዘጋል፤ የገበያ ቀን ዙሪያው ይከበባል። አማርኛ ለዚህ "አፈሳ" የሚል ቃል አለው፤ እህል እንደሚታፈስ ማለት ነው። ዕድሜያቸው 18 ያልደረሰ ልጆችም በአፈሳው ሄደዋል። ወጣቶች ማታ ማታ ከቤት ውጭ ማደር ጀመሩ፤ ከፊሎቹም ከአካባቢው ጠፍተው የቀን ሥራ ፍለጋ ተሰደዱ።

ለዘማች ቤተሰብ መሬቱን የማረሱ ግዴታ በገበሬ ማኅበሩ ላይ ተጣለ። የራሱን ማሳ በዶማ የሚቆፍር ጎረቤት የሌላውን ሲያርስ ምን ያህል እንደሚተጋ መገመት አያስቸግርም። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወላይታንም ሲመታ፣ ጉልበት ያለው ልጅ የሄደበት ቤት ምን እንደሆነ እንዲሁ።

መጋቢት 1980 አፋቤት ወደቀች። የካቲት 1981 ሽሬ ላይ የነበረው ጦር ተደመሰሰ፣ ትግራይም ከመንግሥት እጅ ወጣ። የካቲት 1982 ምጽዋ ተያዘች። እያንዳንዱ ሽንፈት አዲስ ዙር ይወልድ ነበር፤ ሰው የሚመለመልበት አገር ደግሞ እየጠበበ ሄደ። ሰሜኑ ሲዘጋ ጫናው በመሀልና በደቡብ ላይ መውደቁ አይቀሬ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ፤ ብላቴ ደግሞ ለወላይታ ሩቅ አይደለም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው ሲወጡ፣ ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ በእግራቸው ኬንያ ገቡ።

ነሐሴ 2013 መንግሥት አቅሙ የፈቀደ ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ ባደረገ ጊዜ፣ "አፈሳ" የሚለው ቃል በየሰፈሩ ተመልሶ የተነሳው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቃሉን ያወቁት አባቶች ገና በሕይወት አሉ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋል። ቶላይን በመሳሰሉ ካምፖች ከቆዩ በኋላ ጥቂት ድጎማ ይዘው ወደየመንደራቸው ተሸኙ። በፈቃዱ የገባውም በገመድ ታስሮ የሄደውም አንድ ስም ተሰጠው፦ የደርግ ወታደር። የሞተበትን ቀንና ቦታ የሚነግር ወረቀት ያልደረሳቸው ቤተሰቦችም አሉ። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ መቀመጥ ያስቸግራል፤ ሳይለቀስለት ደግሞ ድርሻውን ለወንድሞቹ ማካፈል ይከብዳል። በእንዲህ ያለ ቤት የልጁ ቁራጭ መሬት ለዓመታት በስሙ ትጠራለች፤ ሚስት ካለችው እሷ ትቆፍራታለች፣ ከሌለችው እናቱ።